ሠላሳ አምስት የተቆጠረው ስም

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ማርታ ሶዶ ከተማ ወዳለው ቤታችን መጥታ፣ ላፕቶፗን ከተቀቀለው ጎደሬ አጠገብ ዘርግታ ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ታጠና ነበር። የመረጃ ዓይነት ለማለት «ዳታ ታይፕ» ስትል ባለቤቴ የሰማችው የሚያቃጥለውን ማባያ፣ ዳጣን ነው፤ ብድግ ብላ የዳጣውን ሰሃን አስጠጋችላት። ሳቅን። ቀጥላ ግን፣ «አጎቴ፣ ፓይተን ከቨርዥን ሁለት ወደ ሦስት ሲያልፍ የጽሑፉን ዓይነት እንዴት እንዳሻሻሉት አየህ?» ስትለኝ ሳቄ ጠፋ። ማሻሻል! ይህችን ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል።

ገና ከኮሌጅ እንደወጣሁ ሁምቦ ወረዳ፣ ተበላ ከተማ ባለ አንድ ቢሮ ተቀጥሬ፣ ለጤና ሥልጠና የሚመዘገቡ ሰዎችን ስም የሚቀበል ፕሮግራም በፓይተን ሠራሁ። በጋ ነበር፤ የሁምቦ ሙቀት በቆርቆሮው፣ አቧራው በበሩ ይገባል። ስም ከሠላሳ ፊደል እንዳይበልጥ ገደብ አበጀሁ። የሞከርኩት በእንግሊዝኛ በተጻፈ ስም ነበር፤ ሠራ። ኮራሁ።

በመጨረሻው የምዝገባ ቀን ወርቅነሽ ማዳልቾ ዳና የምትባል ወጣት ከገጠር በእግሯ መጣች። ሰርተፍኬቷን በፌስታል ጠቅልላ ይዛለች። ስሟን በአማርኛ ሳስገባ ማሽኑ «ስሙ ረጅም ነው» አለ።

«እህቴ፣ ስምሽ በዝቷል፤ የአያትሽን እናውጣው» አልኳት።

«ማዳልቾ አባቴ ነው፣ ዳና አያቴ ነው። ሰርተፍኬቱም ላይ እንደዚሁ ነው። ለምን ይወጣል?»

አለቃዬ ከጥግ ሆኖ፣ «ኮምፒውተር አይሳሳትም፤ አውጣው» አለ። አወጣሁት።

ሶዶ ለሥልጠናው ስትቀርብ፣ ዝርዝሩ ላይ ያለው ስም ከሰርተፍኬቱ ጋር አይገጥምም ብለው መለሷት። ቦታዋም ለሌላ ሰው ተሰጠ። ተመልሳ ቢሮዬ በር ላይ ቆመች። «አያቴን ቆረጥክ፤ እኔንም ቆረጥከኝ» ብላኝ ሄደች።

ነገሩ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ፕሮግራሙን ወደ አዲሱ ቨርዥን ሳዛውር ነው። አሮጌው ፓይተን ተራውን ጽሑፍ የሚቆጥረው በፊደል ሳይሆን ባይት በሚባለው የኮምፒውተር መለኪያ ኖሯል፤ የእንግሊዝኛው ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ የእኛ ሦስት ይይዛል። አሥራ አንድ ፊደልና ሁለት ክፍት ቦታ ያለው ስሟ ሠላሳ አምስት ተቆጠረ። አዲሱ ያንኑ ስም አሥራ ሦስት ብሎ ቆጠረው። በአሮጌውም ቢሆን ጽሑፉን ዩኒኮድ ወደሚባለው ዓይነት እንዲለውጥ ለይቼ ባዝዘው ኖሮ በትክክል ይቆጥር ነበር። እንግዲህ እዩት፤ እንግሊዝኛው ዝም ብሎ ይገባል፣ የእኛ ፊደል ግን የመግቢያ ወረቀት ይጠየቃል! የቋንቋው ሠሪዎች ይህን ሁሉ ካደረጉ በኋላ አሻሻልን ይሉናል። ተሳስተን ነበር ማለት ምን ገደላቸው?

ይህን ሁሉ ለማርታ ስተርክ ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም፤ ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ አለች። ማርታ ላፕቶፑን ገፋ አድርጋ አየችኝ።

«ታዲያ ስህተቱ የስሟ እንዳልነበረ ነገርካት?»

ከሶዶ እስከ ተበላ ከተማ በሚኒባስ የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ አይሆንም። ይህን ሁሉ ዓመት ፈረንጆቹን ስሰድብ፣ አንድ ቀን ሄጄ አልነገርኳትም።