ከወፏ ፊት

የልጄ ባል ፍኖተ ሰላም ቤቱ ተቀምጦ ኮምፒውተር ላይ በአውሮፕላን ይዋጋል። ተኩሱ ሲንጣጣ ይውላል፤ አንድም አይመታ። ዲግሪ አለኝ የሚል ሰው እኮ ነው።

«አባባ፣ ጠላት ፈጠነብኝ» ይለኛል። ጠላቱ ምን ያድርግ፤ ጥይቱ ሁሉ ከኋላው ነው የሚያልፍ።

ያ ከኋላ የሚያልፍ ጥይት የአክስቴን ዳጉሳ አስታወሰኝ። ባሏ በክረምቱ ሞቶባት፣ የዓመት ቀለቧ ያ ማሳ ብቻ ነበር። ወፍ እንድጠብቅላት አባቴ ላከኝ። ማማው ላይ ቆሜ በወንጭፍ ስወረውር አረፈድሁ። መንጋው ብር ሲል ድንጋዬ ከኋላው ያልፋል፤ ንቆኝ ተመልሶ እፊቴ ዳጉሳውን ይለቅማል።

አክስቴ መጥታ አየችኝ። «ወፏ ካለችበት ምን ያስወረውርሃል? ከምትደርስበት ወርውር እንጂ። ድንጋይህ እንደ አባትህ ነው፤ ከቀብር በኋላ ይደርሳል» አለች። ስለ አባቴ ያለችው አልገባኝም። ብቻ በምትበርረው ወፍ ፊት አሳልፌ ወረወርሁ፤ አንዷ ዱብ ስትል መንጋው ማሳውን ለቆ ሄደ። አባቴ ለአክስቴ ባል ቀብር ዘግይቶ እንደነበር የሰማሁት ካደግሁ ወዲያ ነው።

«አንተ፣ ከፊቱ ተኩስ» አልሁት የልጄን ባል። ተኮሰ፤ አውሮፕላኑ እየጨሰ ወደቀ። እውነት የገደለ መስሎት ሊፎክር ምንም አልቀረው።

«ማን አስተማረዎት አባባ?» አለኝ።

«አክስቴ።»

ሌላውን አልነገርሁትም። አክስትህ ሕመሙ ጠንቶባታል ብለው ሲልኩብኝ ቡሬ ገበያ በሬ አማርጥ ነበር። በሬውን እየነዳሁ ስደርስ፣ ለቀስተኛውን ከመቃብሯ ሲመለስ መንገድ ላይ አገኘሁት።