ሩቁን የሚያቀርብ ሌንስ

የእህቴን የመዲናን ሰርግ ፎቶ የማነሳው እኔ ነበርኩ። ነገሌ ያለው ፎቶ አንሺ ካሜራውን ሲያውሰኝ ሁለት ሌንሶች አሳየኝ። አንዱ የቅርቡን ብቻ ያነሳል፤ ከሞያሌ የመጣው ግን ቅርቡንም ሩቁንም። ሰው ፊት መቆም ስለማፍር የሞያሌውን መረጥኩ።

መዲና፣ "ከባሌ ጋር ካላነሳሽኝ እህቴ አይደለሽም" ብላኛለች።

አጥሩ ሥር ተለጥፌ ሳነጣጥር የሙሽራው አጎት አባ ቦሩ መጡ። "አካም፣ ናጋ? ደህና ነሽ? ምን ታያለሽ ልጄ?"

ካሜራውን ሰጠኋቸው። በሌንሱ ማዶ ወዳለው ኮረብታ አዩና፣ "ያ ረቢ! የጠፋችው ግመሌ!" ብለው ጮኹ።

ወንዶቹ በሙሉ ከነሙሽራው ተነስተው ሮጡ። እህቴ ብቻዋን ቀረች። ልታለቅስ ስትል ግመሏን እየነዱ ተመለሱ። አባ ቦሩ፣ "የሙሽሪት እግር እርጥብ ነው! ግመሏ የእሷ ናት" ብለው ገመዱን አስጨበጧት።

በፊልሙ የቀረኝ አንድ ፎቶ ብቻ ነበር። መዲና፣ ባሏና ግመሏ ፊቴ ቆሙ። ሌንሱን እስከ መጨረሻው ወደ ቅርብ መለስኩት፤ ጀርባዬን አጥሩ ይዞኛል።

"መዲና፣ ሦስታችሁ አትገቡም" አልኩ በቀስታ።

እህቴ ባሏን በክርኗ ገፋ አደረገችው።

"አንተ ትንሽ ዞር በል።"