የፍሬን ዘይት ዘይት አይደለም

ወንድሜን ሰፈሩ «መስታወት» ይለዋል። አባታችን የተወለትን ባለሁለት ወንበር ቀይ የስፖርት መኪና ሲወለውል ስለሚውል ነው። ላይዋ ያብረቀርቃል፤ ውስጧን አትጠይቁኝ። መኪናዋን የወረሰ እሱ፣ የመካኒክነቱን ሥራ የወረስኩ እኔ። ይሁን፣ ዕድል ነው።

ዛሬ ጠዋት እናታችንን ዓይኗን ሊያሳክማት ተነሳ። መንገዱ ቁልቁለት ነው። እማዬ ቦርሳዋን ታቅፋ ገብታ ተቀምጣለች። «ፍሬኑ ትንሽ ይለሰልሳል፣ እስኪ እዪልኝ» አለኝ፣ በሩን በእጅጌው እያሸ።

ኮፈኑን ከፍቼ የፍሬን ዘይቱን ክዳን አነሳሁ። የቀዘቀዘ ሾርባ ቅባት ይመስል የሞተር ዘይት ከላይ ሰፍፏል። የክዳኑ ጎማ አብጦ ወደ ቦታው አልመለስ አለ። ኤጭ! ጣቴን ስጠርግ እንኳ ቀፈፈኝ።

ለማያውቅ ልንገር፦ የፍሬን ዘይት ስሙ ነው እንጂ ዘይት አይደለም። እውነተኛ ዘይት ከገባበት ውስጥ ያሉት ጎማዎች ያብጣሉ፤ ፍሬኑም አንድ ቀን እምቢ ይላል።

«ማነው ይሄን የጨመረው?»

በሩን ማሸቱን ቀጠለ።

«አንተን እኮ ነው! እናትህን ልትገድላት ነው? መወልወያ ስትመርጥ ሦስት ሱቅ ትዞራለህ፣ ለፍሬኑ ያገኘኸውን ትደፋለህ! የአርባ ዓመት ጎረምሳ! አስጠላኸኝ፣ እውነቴን ነው።»

ሌላ ጊዜ ለአንድ ቃል አሥር የሚመልሰው ሰውዬ አንገቱን ደፋ። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም አሉ! ይባስ ተናድጄ ቁልፉን ከእጁ ነጠቅኩት።

ይሄኔ እማዬ በመስኮት ብቅ አለች። «ተይው ልጄ፣ እኔ ነኝ። ‹የፍሬን ዘይት ጎድሏል› ሲል ሰምቼ፣ ላግዘው ብዬ ጓዳ ካለው ጠርሙስ ጨመርኩበት። ቀዳዳውን ከአባታችሁ አውቀዋለሁ። ዘይት አይደል?»

«እማዬ፣ ዝም ብትይ ምን አለበት?» አላት ወንድሜ። እሷ መሆኗ ገና ስጮህ ገብቶት ኖሯል።

«የቱ ጠርሙስ?» አልኩ።

«አንቺ ያስቀመጥሽው ነዋ። የውሃው ጠርሙስ፣ ምንም ያልተጻፈበት።»

የተረፈኝን የሞተር ዘይት ገልብጬበት፣ ስሙን ሳልጽፍ የተውኩት እኔው ነኝ። ጋራዥ ውስጥ እንዲህ ያለ ጠርሙስ ባገኝ ያስቀመጠውን ሰው ቁም ስቅሉን ነበር የማሳየው።

ወንድሜ እማዬን ደግፎ አወረዳት። ያን ሁሉ ስድብ ለእሷ ብሎ ነው የዋጠው፤ አሁንም እኔን አንዲት ቃል አልተናገረኝም። ራሴን ተጸየፍኩት። ይቅርታ ልለው አፌን ብከፍት፣ የወጣልኝ «ታክሲ ልጥራላችሁ?» ብቻ ነው።