የአክስቴ ወርቄ ጥሪ በኤይን ሀትኽሌት

ጎህ ሲቀድ፣ ራማት የዲዲም

ፀሐይ ሳትወጣ ተነስተናል። አክስቴ ወርቄ የሚጎተተውን ዐገላቸውን፣ ባለ ጎማ ጋሪያቸውን፣ ከደረጃው ሥር አወጡ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ ነጭ አዝሙድ፤ ሁሉም በላስቲክ ታስሮ ተደርድሯል። እስራኤል መጥተው ናታንያ ከተማ ከገቡ ጀምሮ ከሰፈር ሰፈር እያዞሩ የሚሸጡት ይህንኑ ነው፤ የሚታወቁትም በጥሪያቸው ነበር። ከፋሲካ በፊት ግን ጉሮሯቸው ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ከዚያ ወዲህ ድምፃቸው ሹክሹክታ ሆኖ ቤት ዋሉ። ሮፌው፣ ሐኪማቸው ማለት ነው፣ “አሁን ሞክሪው” ያላቸው በዚህ ሳምንት ነው። እኔም ከሐይፋ የመጣሁት ይህን ቀን ለማየትና ለመጻፍ ነው።

መጀመሪያ እዚያው ሕንፃቸው ሥር ቆሙ።

“በርበሬ!”

ከጎናቸው ቆሜ እንኳ በጭንቅ ነው የሰማሁት። አንድም መስኮት አልተከፈተም።

“እኔ ልጥራልዎ?”

“እስቲ።”

ጮህኩ። አንድ ጎረምሳ ከላይ ብቅ አለና፣ “ማ ኮሬ? ምን ተፈጠረ?” ብሎ መልሶ ዘጋው።

“እሳት የተነሣ አስመሰልሽው” ብለው ሳቁ። ወዲያው ዐገላውን እየጎተቱ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው አመሩ።

ረፋዱ ላይ፣ አውቶቡስ ውስጥ

ሾፌሩ ዐገላውን አየና፣ “ሮኼሌት?” አላቸው። እያዞረች የምትሸጥ ማለቱ ነው። ራሳቸውን ነቀነቁለት።

“አንቱን ምን ብዬ ልጻፍ?” አልኳቸው ስንቀመጥ። “ሲራራ ነጋዴ?”

“ሲራራ ነጋዴስ አጎቴ ነበር። በቅሎ ጭኖ ከጎንደር መተማ ይወርዳል፣ ወር ይቆያል።”

“ሱቅ በደረቴ?”

“እሱ የከተማ ልጅ ነው፤ ማስቲካውን አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል። እኔ አዟሪ ነኝ። ሮኼሌትም ቢሉኝ አይከፋኝ።” ጉሮሯቸውን ዳበሱ። “ድምፅ የሌለው አዟሪ ግን ምን ይባላል? ስም የለውም እኮ፣ ልጄ።”



ቀትር፣ ኤይን ሀትኽሌት

ከአውቶቡስ ስንወርድ፣ በድሮ ደንበኞቻቸው ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ከፔርሙዝ ለብ ያለ የማር ውሃ ጠጡ። ተነሡና፣ “ዝም በይ” አሉኝ፤ አንድም ቃል አልተናገርኩም ነበር።

“በርበሬ አለ! ሽሮ አለ! ኮረሪማ፣ ኮሰረት! የወርቄ ነው፣ ውረዱ! ቦኡ፣ ቦኡ፣ ኑ!”

ሲጀምሩ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ሻካራ ነበር። “ኮረሪማ” ላይ ሲደርሱ ተከፈተ። ድምፁ ግድግዳውን እየመታ ከሕንፃ ሕንፃ ሄደ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ መጋረጃ ተገለጠ። አንዲት ባልቴት አንገታቸውን አሰገጉ።

“ወርቄ! አንቺ ነሽ? እኔ እኮ ሞተች ብዬ አልቅሼልሻለሁ!”

“ዕንባሽን መልሺና ዕቃ ይዘሽ ውረጂ!”

ከዚያ በኋላ ማን ይቻላቸው! ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ባልዲ በገመድ አወረዱ። ወታደር ልጅ የደንብ ልብሷን እንደለበሰች ሮጣ መጣች፤ “ሳቭታ ናት የላከችኝ፣ አያቴ፤ ሽሮ ቤቫካሻ፣ እባክዎ።” ሞሮኳዊት ጎረቤት ኮሰረቱን አሽትታ፣ ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ ወሰደች። ገዢ ከቧቸው እያለ እንኳ አክስቴ መጥራታቸውን አላቆሙም። ማንን እንደሚጠሩ እንጃ!

አመሻሹ ላይ፣ ባሕር ዳርቻ

ቀጥታ ወደ ቤት አልሄዱም። ከባሕሩ በላይ ባለ ገደል ጫፍ፣ ሰው በሚንሸራሸርበት መንገድ፣ የብረት አጥሩን ያዙና ወደ ባሕሩ ዞረው ተጣሩ፦

“በርበሬ አለ! ሽሮ አለ!”

መንገደኛው ሁሉ ቆመ። አይስክሬም የያዘች ሴትዮ ጠጋ አለች።

“ማ አት ሞኼሬት? ምንድን ነው የምትሸጪው?”

አክስቴ ዐገላውን ገልብጠው አራገፉላት። ትንሽ የበርበሬ ብናኝ በነፋሱ ሄደ።

“ሀኮል ኒግማር!” አሉ፣ ባላቸው ድምፅ ሁሉ። “ሁሉም አለቀ!”