የሞተ ሰው ተራ

ሸጋው ተቀምጦ መሥራት አይሆንለትም። ገንዳ ውሃ ከተማ ላለ አንድ የገበሬዎች ማኅበር የትራክተር ተራ የሚይዝ ሶፍትዌር እንዲሠራ ከተቀጠረ ወዲህ፣ ኮምፒውተሩን ከሚነካበት ይልቅ ነጭ ሰሌዳው ፊት የሚንጎራደድበት ጊዜ ይበዛል። ዩኤምኤል በሚሉት የንድፍ ቋንቋ ሁሉን አስቀድሞ ይስላል። እያንዳንዱ አባል ከላይ ሳጥን አለው፤ ከሳጥኑም የተቆራረጠ መስመር ወደ ታች ይወርዳል። በመስመሮቹ መካከል ቀስቶች ይመላለሳሉ፦ አባሉ ይጠይቃል፣ ማኅበሩ ተራ ይሰጣል፣ ትራክተሩ ይወጣል። አባሉ ሲሞት መስመሩ ጫፍ ላይ ኤክስ ይደረግና ተራው ይሰረዛል። አምና ይህን ሲስል እጁ አላመነታም።

ዘንድሮ በግንቦት ወንድሙን ወንድማገኝን ወባ ገደለው። የሟቹ ሚስት አየሁሽ ኮኪት ቀበሌ ያለውን ማሳቸውን ለማሳረስ ስትጠይቅ፣ ፕሮግራሙ እንደተነደፈው «ተራ የለም» አላት። ደመናው ከብዷል፤ ጥቁሩ አፈር አንዴ ውሃ ከጠገበ ደግሞ ሰሊጥ አይዘራበትም።

ሸጋው ሰሌዳውን አጥፍቶ እንደገና ሳለ። በሳጥኑ ውስጥ በሰው ስም ፋንታ ማሳውን አስገባ፤ ሰውን ከጎን አገናኘው።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ አለበል ገብተው ቆመው አዩ።

«ምንድን ነው ደሞ ይሄ የሸረሪት ድር?»

«ጋሼ፣ መስመሩ የሰው መሆን አልነበረበትም። ሰው ቢሞትም ማሳው እዚያው ነው። ተራው የማሳው ይሁን።»

«አምና የት ነበርህ? የወንድምህ ሲሆን ታየህ!»

ሸጋው የብዕሩን ክዳን እያላመጠ እስከ መስኮቱ ሄዶ ተመለሰ። «እውነትዎን ነው። አሁን ነው የታየኝ።»

«እንግዲያው ረፊቃስ? አምና ባሏ ሲሞት ተራዋ ተሰርዞ አልቀረም? የሷንም መልስ።»

ይህን አላሰበውም ነበር። የረፊቃን ማሳ አስገባ። ካምና ጀምሮ የጠበቀ ስለሆነ ከአየሁሽ ቀድሞ ተሰለፈ። የቀረው ትራክተር አንድ ነው። ለወንድሙ ቤት ሲል ቀስቱን ማዞር ይችል ነበር፤ አቶ አለበልም እጁን እጁን ያዩታል። አላዞረውም። ወጥቶ ለአየሁሽ ደወለ።

«ተራሽ ተመልሷል። ግን ከረፊቃ ቀጥሎ ነው።»

«ዝናቡ ቢቀድመኝስ?»

ዝናቡም ቀደማት። ትራክተሩ የረፊቃን ማሳ ጨርሶ መንገድ ላይ ሳለ ዝናቡ ጣለ። አየሁሽ ጭቃው ሲጠነክርላት ማሽላ ዘራችበት፤ ሸጋው ሊጠይቃት ሲሄድም ስትኮተኩት አገኛት።

«ተቀየምሽኝ?»

«ማሽላም ይበላል» አለችው ቀና ሳትል። «አንተ ግን ሰው ሳይሞት አስብ።»