ሦስተኛው ቡሎን

የታሰርሁት በአፌ ነው። በምሠራበት ጋራዥ በየሳምንቱ ውይይት ነበር፤ መፈክር እናነባለን፣ እጃችንን እናነሣለን፣ ወደ ሥራችን እንመለሳለን። አንድ ቀን ካድሬው ስለ ምርት ዘመቻ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተናግሮ «ጥያቄ ያለው?» ሲል እኔ ሞኙ እጄን አወጣሁ። «መፈክሩስ ደርሶናል፤ መለዋወጫው መቼ ይደርሳል?» አልሁ። ሰው ሳቀ። የሳቁት በማግስቱ ሥራ ገቡ፤ እኔ እስር ቤት ገባሁ።

ያስገቡኝ ባሕር ዳር ከሐይቁ ዳር ያለ አሮጌ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የመታኝ የሰው ላብና የሻገተ ማሽላ ሽታ ነበር። መስኮት የለውም። ከጣሪያው ሥር ባለች ቀዳዳ የሐይቁ ትንኝ እየተግተለተለ ይገባና ፊት ላይ ይሰፍራል። ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። ቦታ የለቀቁልኝ ከደሴት ገዳም የመጡ አንድ አዛውንት የቅኔ መምህር ብቻ ናቸው፤ ሁሉም የኔታ ይላቸዋል። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው «እዚህ ቁጭ በል ልጄ። ስምህን ከመናገርህ በፊት ሰው ለይ» አሉኝ።

ሰው መለየቱ ግን ከባድ ነበር። ከመካከላችን ወሬ የሚያወጣ እንዳለ ሁሉም ያውቃል፤ ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና ሁሉም ሁሉንም ይጠረጥራል። ብዙ የሚያወራ ይጠረጠራል፣ ዝም የሚልም ይጠረጠራል። ለጥያቄ ተጠርቶ ሳይደበደብ የተመለሰማ አለቀለት፤ እንጀራ ሲቆረስ ጀርባ ይሰጡታል። እኔም እሰጥ ነበር፤ አልዋሽም።

እስረኛ የምታመላልሰውን መኪና ሁላችንም በድምፅዋ እናውቃታለን። አሮጌ የጣሊያን ከባድ መኪና ናት። ጭስ ማውጫው ከሞተሩ ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ስለለቀቀ ገና ከሩቅ ታጓራለች። ማለዳ ያ ድምፅ ሲሰማ ሰው ሁሉ ይነሣል፤ ጫማ ያለው ጫማውን ያጠልቃል፤ የኔታ አቡነ ዘበሰማያት ይደግማሉ። ከዚያ በሩ ተከፍቶ ስም ይጠራል። የተጠራው የት እንደሚደርስ አይነገረንም።

አንድ ሳምንት ድምፅዋ ጠፋ። በእሷ ፈንታ ሾፌሯን አምጥተው ወረወሩብን። ረጅም፣ ትከሻው የሰፋ፣ የጎንደር በኩል ሰው ነው። ከንፈሩ ተሰንጥቋል። ማንም ሳይጠይቀው ራሱ ተናገረ።

«ከጎንደር እስረኛ ጭኜ ስመጣ ማክሰኝት ሳልደርስ ቆመችብኝ። እሳቱ በለቀቀው በኩል ወጥቶ የናፍጣ ማስተላለፊያውን ጎማ በላው። በግርግሩ ሁለት እስረኞች አመለጡ። ሆን ብለህ ነው አሉኝ።»

እኔ በልቤ፣ ትናንት ሲያመላልስላቸው የነበረን ሰው ዛሬ ከእኛ ጋር የሚያስሩት ለምንድን ነው? ጆሮውን ፈልገው ነው እንጂ አልሁ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዘበኛው በሩን ከፍቶ «መካኒኩ፣ ውጣ!» አለ። ስሜን አልጠራም። የሃያ ሰው ዓይን እስከ በሩ ተከተለኝ።

የወሰደኝ እዚያው ግቢ ውስጥ ወዳለው ወርክሾፕ ነው። መኪናዋ ተጎትታ መጥታ ኮፈኗ ተከፍቶ ቆማለች። የእስር ቤቱ አዛዥ አጠገቧ ነበር፤ ጢሙን የተላጨ፣ ድምፁን የማያነሣ ሰው። የማይጮህ ሰው ያስፈራኛል፤ ዛሬም ያስፈራኛል።

«ጭስ ማውጫውን የያዙት ሦስት ቡሎኖች ተሰብረዋል» አለኝ። «ሁለት ነገር እፈልጋለሁ። ዛሬውኑ ትሠራታለህ። ከዚያ ቡሎኖቹ በመጋዝ የተቆረጡ መሆናቸውን በጽሑፍ ታረጋግጥልኛለህ።»

«ያልተቆረጡ እንደሆነስ ጓድ?»

«አየህ፣ የታሰርኸው ለዚህ ነው። ጥያቄ ታበዛለህ።» ከዚያ ጨመረ፦ «አሻጥር የሠራ ቅጣቱን ታውቀዋለህ። አሻጥረኛ የሸፈነም ከእሱ አይለይም።»

ነገሩ ገባኝ። «ተቆርጧል» ብዬ ከጻፍሁ ሾፌሩ ይገደላል፣ እኔ ምናልባት ቤቴ እገባለሁ። «አልተቆረጠም» ብዬ ካላመኑኝ ሁለታችንም አንድ ጉድጓድ ነን። አዛዡ ወደ ቢሮው ሄደ። ዘበኛው ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ በርሜል ላይ ተቀመጠና ዓይኑን እጄ ላይ ተከለ።

የተሰበረ ቡሎን ማውጣት ትዕግሥት ይፈልጋል። ግማሹ የሞተሩ ራስ ውስጥ ተቀብሮ ቀርቷል። ስንት ዓመት ሲግልና ሲቀዘቅዝ ዝገቱ ከጥርሱ ጋር አጣብቆታል። ካስገደድኸው የባሰ ወደ ውስጥ ይሰበራል፤ በመሰርሰሪያ ልብሳው ብለህ ከሳትህ የሞተሩ ራስ ይበላሻል። በሌላ ቀን ቢሆን አለቃ ይቆጣል። በዚያ ቀን ግን የተበላሸ ሞተር አሻጥር ነው።

በናፍጣ በተነከረ ጨርቅ ጥላሸቱን ጠረግሁና አየሁ። ሁለቱ ስብራታቸው እንደ ደረቅ ቂጣ ሸካራ ነው፤ በአንድ በኩል የጠቆረ፣ በሌላው በኩል አዲስ። ቀስ በቀስ የተሰነጠቀ፣ በመጨረሻ የተገነጠለ ብረት እንዲህ ነው። ሦስተኛው ጥፍር የሚያህል ወጣ ብሏል። እሱን ጠርጌ ጠጋ ብዬ አየሁት። ከግማሽ በላይ ልሙጥ ነው፤ ላዩ ላይ ስስ መሥመር ተሰምሯል። የብረት መጋዝ ነው። የውጪው ግማሽ መንገድ ላይ ወድቆ ቀርቷል፤ ምስክሩ ይህ ጉቶ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። አንተ ቆርጠህ እኔ ልሙትልህ? አልሁ በልቤ። ሚስቴ በየቀኑ ስንቅ ይዛ በር ላይ ትቆማለች፤ አንድ ቃል ብጽፍ ነገ አብረን ምሳ እንበላለን። ከዚያ እነዚያ ያመለጡት ሁለት ሰዎች ትዝ አሉኝ። መልካቸውን አላውቅም።

«ምን አገኘህ?» አለ ዘበኛው።

«ዝገት» አልሁ። ገና ሳልወስን ቃሉ ከአፌ ወጣ።

እኛ ጋራዥ እንዲህ ያለውን ቡሎን የምናወጣው ጉቶው ላይ ዳዶ፣ ማለትም ቡሎን የሚጠብቅበትን ባለቀዳዳ ብረት፣ በይደን ነው። ብየዳው ብረቱን ያግለዋል፤ ገና እንደጋለ የንብ ሰም ስናስነካው ሰሙ ቀልጦ ወደ ጥርሱ ይሰርጋል፤ ከዚያ በመፍቻ ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ እያልን እናባብለዋለን። ሦስተኛው ቡሎን ብየዳ አያስፈልገውም ነበር፤ ወጣ ስላለ በፒንሳ ይያዛል። መካኒክ ቢያይ ለምን በየድኸው ይለኛል። ብየዳው ግን የመጋዙን መሥመር ያቀልጠዋል።

ለሰሙ ጧፍ አምጡልኝ አልሁ። ዘበኛው ሄዶ ሲነግር አዛዡ ራሱ መጣ።

«ጧፍ ለምንህ ነው? ልታስጠምቃት ነው?»

አስረዳሁት። አላመነኝም። በጧፍ ለሰው ምልክት የምሰጥ ሳይመስለው አልቀረም፤ አጥሩን አየ፣ ሐይቁን አየ፣ እኔን አየ። በመጨረሻ ዘበኛውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላከው። ባለጠመንጃ ጧፍ ሊገዛ ሲሄድ ሳይ በሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። ያን ጊዜ ግን አዛዡ በዘበኛው ቦታ ከትከሻዬ ኋላ ቆመ። ጎንበስ ብሎ ወደ ሞተሩ ማየት ጀመረ።

ዳዶውን አንሥቼ ሦስተኛው ጉቶ ላይ አስቀመጥሁ። መነጽሩ አንድ ብቻ ነው፤ አጠለቅሁት።

«ጓድ፣ ዞር ይበሉ። ብርሃኑ ዓይን ያጠፋል።»

አልዞረም። ፊቴን አየኝ፤ መነጽሩ ጥቁር ነው፣ ምን እንዳየ እንጃ። የብየዳውን ጫፍ ሳስነካ ብርሃኑ ፈነዳና እጁን ዓይኑ ላይ ጭኖ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ። የሚያስፈልገውን ያህል በየድሁ፤ ከሚያስፈልገውም አስበልጬ በየድሁ። ከዚያ ሁለቱን አስከተልሁ።

ጧፉ መጣ። ሰሙ የጋለው ብረት ላይ ሲጨስ ያ ወርክሾፕ ቅዳሴ ቅዳሴ ሸተተ። መፍቻውን ይዤ ማባበል ጀመርሁ። ሁለቱ ቶሎ ለቀቁ፤ ሦስተኛው ሸሚዜን በላብ ካጠበው በኋላ ጢቅ ብሎ ዞረ። ከወዳደቀ ብረት ሦስት ቡሎን አበጅቼ፣ ከቆርቆሮ ማሸጊያ ቆርጬ ገጠምሁ። የተቃጠለውንም የናፍጣ ጎማ ቀየርሁት። ከሰዓት በኋላ ስናስነሣት ያ ጉርምርምታ የለም፤ እንደ ጠገበች ድመት ታንኮራፋለች። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። እጅ ጌታውን አይጠይቅም፤ ሥራው ሲያምር ደስ ይለዋል።

አዛዡ ጉቶዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ አገላበጠ። ሦስተኛውን ይዞ ቆየ። ከዚያ ከኪሱ ወረቀት አወጣ፤ አስቀድሞ በታይፕ ተጽፏል። በመጋዝ ተቆርጦ አገኘሁት ይላል፤ ከሥሩ የእኔ ስም አለ።

«ፈርም።»

«ጓድ፣ ይህ የእኔ ቃል አይደለም። ባዶ ወረቀት ይስጡኝ።»

«ብትፈርም ነገ ከቤተሰብህ ጋር ነህ።»

«ባዶ ወረቀት ይስጡኝ» አልሁ ደግሜ።

ሰጠኝ። በግሪስ በጨቀየ እጄ «ሦስቱም ቡሎኖች በዝገትና በሙቀት ብዛት ተሰብረዋል፤ የሰው እጅ የለበትም» ብዬ ጽፌ ፈረምሁ። አነበበው። ሳይቆጣ አጥፎ ከኪሱ ከተተው፤ ያ ከጥፊ የባሰ አስፈራኝ።

እጄን አስታጥበው ስለመለሱኝ ክፍሉ ስገባ ናፍጣና ሳሙና እሸታለሁ። ገላዬ ላይ በትር አላረፈም። ሰው ሁሉ አየኝና ጀርባውን ሰጠኝ። ሾፌሩ ተጠግቶ «ምን አልኻቸው?» አለኝ በሹክሹክታ።

ልነግረው አልሁ። ከግራዬ የተኛው እንቅልፉ የውሸት መሰለኝ። ሾፌሩስ ራሱ ተልኮ ቢሆን? የሸፈንሁትን ብናገር ሁለታችንም አለቅን።

«ሞተሯን ሠራሁ» አልሁት፤ ሌላ አልጨመርሁም።

የኔታ ሲሰሙ ቆይተው «ልጄ፣ ድሮ ስትመጣ እንሰማት ነበር» አሉ። «ተነሥተን አንድ አቡነ ዘበሰማያት እናደርስ ነበር። እንግዲህ በምን እናውቃለን?» የተቆጡ አይመስሉም፤ ጠየቁ እንጂ። እኔ ይህን አላሰብሁም ነበር። አፈርሁ።

በማግስቱ ማለዳ ምንም ሳንሰማ በሩ ተከፈተ። የተጠራው ሾፌሩ ነው፤ «ዕቃህን ይዘህ» ተባለ። ያ ቃል ለመፈታትም ለሞትም ይባላል። ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ በእጁ ጨበጠ፣ የኔታን ጉልበታቸውን ሳመ። እኔ እጄን ዘረጋሁ። አየውና አልፎ ሄደ። በሩ ሲዘጋ እጄ እንደተዘረጋ ነበር።

እኔ ከብዙ ወራት በኋላ ተፈታሁ፤ ለምን እንደፈቱኝ ግን አልነገሩኝም።

መንግሥት ከተለወጠ ከዓመታት በኋላ የጀልባ ሞተር ልጠግን ጎርጎራ ሄጄ ወደቡ ላይ አየሁት። ሸብቷል፤ ቁመቱ ግን እሱ ነው። በሕይወት መኖሩን ሳይ እንባዬ መጣ። ሰላም አልሁት። አወቀኝ፣ ፊቱም ተዘጋ።

«ስማኝ» አልሁት። «ሦስተኛው ቡሎን በመጋዝ የተቆረጠ ነበር። አይቻለሁ። በብየዳ አቀለጥሁት፤ የሰው እጅ የለበትም ብዬ ጻፍሁ።»

ግራውን አየ፣ ቀኙን አየ።

«እኔ አልቆረጥሁትም» አለ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ለእኔ አልጠራልኝም። ካልቆረጠው ማስረጃ ሊፈጥሩበት የቆረጡት የእስር ቤቱ ሰዎች ናቸው፤ እንዲያ ከሆነ አዛዡ መዋሸቴን እያወቀ ሁለታችንንም ለቀቀን፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ከቆረጠው ደግሞ ይኸው ሰው ዛሬም አያምነኝም። በሕይወቴ ጽፌ የፈረምሁት ውሸት ያ አንድ ብቻ ነው፤ ማንን እንደሸፈንሁበት እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም። ተጸጽቼ ግን አላውቅም።

ሁለታችንም ወደ ባሕር ዳር የምንሳፈርበት ጀልባ መጣ። ሰው ሐይቁን ለማየት ወደፊት ይሻማል። እሱ ግን ቀጥ ብሎ ወደ መጨረሻው ወንበር ሄደ፤ ከጀርባው ሰው የማይኖርበትን መርጦ ተቀመጠ። እኔም የምቀመጠው ሁልጊዜ እዚያ ነው። ፈቀቅ አለልኝ፤ አጠገቡ ተቀመጥሁ።