የፊት ጎማው

ጠዋት አንኮበር ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚያይ ሰው ጭጋግ እንጂ ሌላ አያይም። ረፋድ ላይ ጭጋጉ ሲገለጥ ግን መሬቱ ከእግሩ ሥር ተቆርጦ ይሄዳል። ገደል፣ ከገደሉ በታች ሸንተረር፣ ከዚያም በታች ሌላ ሸንተረር፣ መጨረሻው ላይ ከሰማዩ ጋር የተደባለቀ ቆላ። እዚያው ተወልጄ እዚያው ነው ያደግኩት። እንዲያም ሆኖ ጭጋጉ በተገለጠ ቁጥር የያዝኩትን ትቼ እቆም ነበር።

በደርግ ጊዜ የአንኮበር ጤና ጣቢያ ተላላኪ ነበርኩ። ከደብረ ብርሃን የሚመጣው መኪና አንኮበር ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወደ አልዩ አምባ የሚወርደው የሰውና የበቅሎ መንገድ ነው። ክትባትም እንደ ማንኛውም ጭነት በበቅሎ ይወርድ ነበር። ክትባት ግን እንደ ማንኛውም ጭነት አይደለም። በረዶ በተሞላ ሳጥን ይመጣል፤ በረዶው ካለቀ እሱም አለቀ።

አንድ በጋ የኩፍኝ ክትባት መጣ። መኪናው አርፍዶ ስለ ደረሰ በቅሎዋ የተነሣችው ፀሐይ ከበረታ በኋላ ነበር። እኔ ከኋላዋ በእግሬ ወረድኩ። አልዩ አምባ ስንደርስ የዚያ ጤና ረዳት፣ ቀጭን፣ ድምፀ ጎርናና ሴት፣ ሳጥኑን ከፍታ እጇን ሰደደች። ለብ ያለ ውሃ ነበር። ብልቃጦቹን አንድ በአንድ አውጥታ አስወገደቻቸው። ገበሬ ማኅበሩ ጠርቷቸው ከየሸለቆው ልጅ አዝለው የመጡ እናቶች ከዛፉ ሥር ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። ሄዳ ነገረቻቸው። ልጆቻቸውን መልሰው አዘሉና ተነሡ።

ወደ እኔ ተመልሳ፣ «በሚመጣው ወር አንድ ጊዜ እለምናቸዋለሁ» አለች። «ያን ጊዜም ባዶ እጃቸውን ከመለስኳቸው ሁለተኛ አይመጡም። እኔም ብሆን አልመጣም።»

ጤና ጣቢያው ውስጥ ግድግዳ የተደገፈ ጥቁር ብስክሌት ነበር። ማንም አይነዳውም። አንኮበር ላይ ብስክሌት ወይ ትገፋዋለህ ወይ ይገፋሃል። እኔ ግን ፈትቼ እየገጠምኩ ለምጄው ነበር፤ ያስተማረኝ ሰው የለም። ዳገት ዳገቱን ስመለስ ሳስብ የመጣሁትን ለጤና ረዳቷ ነገርኳት።

«በብስክሌት ባወርደውስ?» ያልኳት በሚቀጥለው የገበያ ቀን ነው።

«ሳጥኑን ታወርደዋለህ። አንተን ማን ያወርድሃል?»

ለመሞከር ሳጥኑን ድንጋይ ሞልቼ ከኋላ አሰርኩና ጀመርኩ። የላይኛውን ገደላማ ክፍል እየገፋሁ አለፍኩት። ከዚያ በኋላ መንገዱ ይሰፋል፤ ክረምት ጎርፍ ያወረደው ኮረት በደረቀ መሬት ላይ እንደ ሽንብራ ተበትኖበታል። የመጀመሪያው ሰፊ መታጠፊያ ላይ መሪውን ትንሽ ዘወር አደረግኩት። የፊተኛው ጎማ ከሥሬ ሸሸ። ሌላ የማስታውሰው ነገር ቢኖር ድንጋዮቹ ከሳጥኑ እየወጡ ከእኔ ቀድመው ሲንከባለሉ ነው። ብልቃጥ ቢሆኑ ኖሮ ብዬ አሰብኩ። ክርኔን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ጎማው በደብረ ብርሃን አስፋልት የሚነዳ ጎማ ነበር። ቀጭን ነው፤ ዙሪያውን ሁሉ እንደ ትልም ቀጥ ያሉ መስመሮች አሉበት። ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ሌላ ነገር አያውቅም።

እዚያው የወደቅኩበት ተቀምጬ ክርኔን ስጠርግ ዓይኔ ከፊቴ ያለው አቧራ ላይ ዐረፈ። የሰው ዱካ ነበር፤ ብዙ ሰው ወርዶበታል። ከአሮጌ የመኪና ጎማ የሚሠራውን በረባሶ ጫማ የማያደርግ ሰው በዚያ መንገድ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ዱካው ሁሉ የጎማ ዱካ ነው። አንዱ መስመር መስመር፣ አንዱ አራት ማዕዘን፣ አንዱ እንደ ቀስት። ከልጅነቴ ጀምሮ ስረግጠው ኖሬ አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ አላየሁትም። እኔ በጎማ ልወርድ ስሞክር የመጀመሪያው ሰው መስሎኝ ነበር። ለካ አገሩ በሙሉ በጎማ ሲወርድ ነው የኖረው።

በእንብርክኬ እየሄድኩ አነበብኩት። መስመር መስመሩ ያለበት ዱካ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ይጎተታል፤ ጭረቱ ረጅም ነው። ሌላው ግን፣ መሃሉ ልስልስ ሆኖ በዳርና በዳሩ ላይ ጥርስ የተወበት ዱካ፣ እንደ ማኅተም ቁጭ ብሏል። ከላይ እስከ ታች ፈለግኩ። እሱ የተንሸራተተበት ቦታ አላገኘሁም።

በአንኮበር ቅዳሜ ገበያ በረባሶ የሚሠሩት ሽማግሌ ከአልዩ አምባ ነበር የሚመጡት። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ዋልኩ። ደንበኛ ሲመጣ እግሩን ከመለካታቸው በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ።

«በየት ነው የምትሄደው?»

«ታች።»

«ታች የሚባል አገር የለም። ወንዝ ለወንዝ ነው ወይስ በኮረቱ?»

«በኮረቱ ነው አባባ።»

ያን ጊዜ ወፍራሙንና አዲስ የሚመስለውን ቁራጭ ትተው ከክምሩ ሥር ሌላ ያወጣሉ። አንዱ ደንበኛ አኮረፈ። «አሮጌውን ነው እንዴ ለኔ?»

«መሃሉ ቢያልቅ ግድ የለም፤ ዳሩ ይኑር እንጂ» አሉት። «ስትወርድ በመሃል እግርህ አትቆምም ልጄ፣ በዳሩ ነው የምትቆመው። ካላመንከኝ ውረድና ወድቀህ ና።»

ሰዉ ሳቀ። ሰውየው ከሄደ በኋላ ክርኔን እየሸፈንኩ፣ «አባባ፣ ለብስክሌትስ?» አልኳቸው።

ቢላቸውን አስቀምጠው አዩኝ። «ወላሂ፣ ለሱ አልሠራም! እኔ የምሠራው ጣት ላለው ነው።»

ቀኑን ሙሉ ሲስቁብኝ ዋሉ። ሊነሡ ሲሉ ግን፣ «ግመል አይተህ ታውቃለህ?» አሉኝ። «እግሩን ሲያሳርፍ እይ። በቅሎ መሬት ትወጋለች። ግመል ይተኛበታል።»

በአልዩ አምባ የገበያ ቀን ወርጄ አየሁ። ከቆላ የመጡ ግመሎች አሸዋው ላይ ሲራመዱ መዳፋቸው በክብደታቸው ሥር ዘርጋ ይላል፤ ሲያነሡት ይሰበሰባል። ያን የሚያክል ፍጡር፣ ያን ሁሉ ጭነት ተሸክሞ፣ ድምፅ የለውም። ሰው ሁሉ ዋጋ ሲከራከር እኔ እንደ ጅል የግመል እግር ሳይ ቆየሁ። ጤና ረዳቷ በዚያ ስታልፍ፣ «ምን ጠፋብህ?» አለችኝ። «አገኘሁት» አልኳት። ራሷን ነቅንቃ አለፈች።

ብስክሌቱን መኪናው ላይ ጭኜ ደብረ ብርሃን ሄድኩ። በዚያን ጊዜ እንደ ልብ የሚገኝ ዕቃ አልነበረም። ጎማ የሚለጥፈው ጎሚስታ ከደጁ ሦስት የብስክሌት ጎማዎች ሰቅሏል። ሁለቱ አዲስ፣ የሚያብረቀርቁ፣ መስመር መስመር ያላቸው። ሦስተኛው አሮጌ ነው፤ ከጭነት ብስክሌት የወጣ፣ ሰፋ ያለ። መሃሉ አልቋል። ዳርና ዳሩን በጣቴ ዳሰስኩ። ጥርሶቹ እንዳሉ ናቸው፣ አንድም አልጎደለም። ሁለት ቢሆን ብዬ ተመኘሁ፤ አንድ ብቻ ነበር።

«ይሄንን» አልኩት።

«ጓድ አንኮበር፣ አዲስ እያለ አሮጌ?»

«ዳሩ አላለቀም።»

«ብስክሌት በዳሩ ይሄዳል እንዴ?»

«ሲታጠፍ።»

አጠገቡ ላሉት ሰዎች ጠቀሳቸው። «እሺ ይሁንልህ። ለኋላ ልግጠመው፣ ጭነትህ ኋላ አይደል?»

ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ደህናው ጎማ ጭነት ወዳለበት ይሄዳል፤ ያለቀው ወደ ፊት ይመጣል። እኔም እስከዚያ ድረስ እንደዚያ አውቅ ነበር።

«ለፊት» አልኩት።

«ባርኔጣህን እግርህ ላይ ታደርጋለህ?»

ብዙ አልናገርም። የዚያን ቀን ግን፣ «የኋላው ቢንሸራተት እግሬን አወርዳለሁ፤ የፊቱ ቢንሸራተት የማወርደው አፍንጫዬን ነው» አልኩት። ሳቁ ወደሱ ዞረ፤ እሱም አብሮ ሳቀ።

ገጠመና በመንፊያው ነፋው። ደብረ ብርሃን ላይ ጎማ እንደ ከበሮ ካልጮኸ ጎማ አይባልም። በጣቱ አንኳኳልኝ፤ ጮኸ። እኔ ደግሞ የግመሉን መዳፍ እያሰብኩ ጎንበስ ብዬ በእንጨት ጫፍ አየሩን ማስተንፈስ ጀመርኩ።

«ኧረ አየሬን! በነፃ የነፋሁልህን ለከተማው ታድለዋለህ? አየርማ ሞልቶናል፣ ብርድ ነው የበዛብን!»

በአውራ ጣቴ ስጫነው ልክ እንደ ተረከዝ ሥጋ ትንሽ ገባ እስኪል አስተነፈስኩት።

ያም ቢሆን ወዲያው አልተሳካም። ድንጋይ የሞላውን ሳጥን ይዤ ስወርድ ጎማው በጣም ስለ ላላ የብረቱ ክብ፣ ቸርኬው፣ ድንጋይ ነካ፤ የውስጥ ጎማው ተበሳ። ለጥፌ ትንሽ ጨመርኩ። ደግሞ ወረድኩ። ደግሞ ትንሽ ቀነስኩ። በመካከል አንድ ልክ አለ። ከዚያ በላይ ከሆነ ጎማው ኮረቱ ላይ ይዘላል፤ ከዚያ በታች ከሆነ ቸርኬው ይመታል። ልኩ ላይ ሲሆን ድምፁ ይለወጣል። ማንኳኳቱ ይቀርና ሽርር የሚል፣ ደረቅ እህል በወንፊት ላይ እንደሚሄድ ያለ ድምፅ ይመጣል። ያንን ድምፅ ለማግኘት ስወጣና ስወርድ ወሩ አለቀ።

ክትባቱ የመጣው አሁንም አርፍዶ ነው። ሹፌሩ ሳጥኑን ሲሰጠኝ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ አውጥቼ ጠቀለልኩት።

«በረዶውን ልታሞቀው ነው?» አለ።

«ብርድ ልብስ ሙቀት አይሠራም» አልኩት። «ያለውን ነው የሚጠብቀው።»

ጭጋጉ ተገልጦ ነበር። የዚያን ቀን ግን ወደ ቆላው አላየሁም። ገደላማውን እየገፋሁ ካለፍኩ በኋላ ብስክሌቱ ላይ ወጣሁና ፍሬኑን በሁለት ጣቴ ያዝኩ። ብርዱ ከፊቴ ላይ እየተነሣ፣ የቆላው ሙቀት በእጅጌዬ እየገባ፣ ሽርር የሚለው ድምፅ ጆሮዬ ሥር ነበር። የወደቅኩበት መታጠፊያ መጣ። በቅሎ የሚነዱ ነጋዴዎች እየወጡ ነበር፤ አንዱ በቅሎውን ወደ ዳር እየጎተተ፣ «ቢስሚላህ! ምንድን ነው የሚመጣው!» ሲል ሰማሁት።

መሪውን ዘወር አደረግኩ። የኋላው ጎማ ሸሸ። ሳጥኑ ጎተተኝ፤ ግራ እግሬን አወረድኩ፤ ተረከዜ ኮረቱን አረሰ። የፊተኛው ግን ተኛበት። ዳሩ መሬቱን ሲይዝ በመሪው በኩል እስከ ትከሻዬ ተሰማኝ። እንደ እጅ ነው የያዘው። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ብዙ ደህና ነገር አይቻለሁ፤ የሁለት ጣት ስፋት የሌለው አሮጌ ጎማ ተራራው ላይ ሲይዝ የተሰማኝን ያህል ያስደነቀኝ ግን ትዝ አይለኝም። ዞርኩ። መንገዱ ከፊቴ ተከፈተ፤ ማሽላው፣ ቁልቋሉ፣ ከታች የአልዩ አምባ ቆርቆሮዎች ሲያበሩ። ያን ጊዜ ነው ቀና ብዬ ያየሁት። ቆላው በሙሉ ወደ እኔ የሚመጣ መሰለኝ።

እናቶቹ መጥተው ነበር፤ ከበፊቱ ያንሳሉ። ጤና ረዳቷ ብርድ ልብሱን ስትፈታ እጇ ቸኮለ። ክዳኑን ከፈተች። እጇን ስትሰድ ፊቷን ነበር የማየው።

«አለ» አለች። ከዚያም ወደ ዛፉ ዞራ በዚያ ጎርናና ድምፅዋ ጮኸች። «ተነሡ! አለ!»

ልጆቹ ሁሉ እስኪከተቡ ጩኸት ሆነ። አንዷ እናት ወደ ሸለቆው ልጅ ልካ ጎረቤቶቿን አስጠራች፤ እነሱም ደረሱ። ሲያበቃ ከሳጥኑ ሥር እንቁላል የሚያክል በረዶ ቀርቶ ነበር። ጤና ረዳቷ ለአንዲት ባልቴት ሰጠቻቸው። ባልቴቷ በመዳፋቸው ይዘው፣ «ያቃጥላል!» አሉና ወደ አጠገባቸው ላለችው ሴት ወረወሩት። ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። ሁሉም ይጮኻል፣ ሁሉም ደግሞ አምጡት ይላል። የመጨረሻዋ ሴት የቀረውን ውሃ በእንቅልፍ ላይ ባለ ልጇ ግንባር ላይ አበሰችው።

እኔ ብስክሌቱ ጋ ተመልሼ ስቆም በረባሶ ሠሪው ሽማግሌ የፊተኛውን ጎማ እየዳሰሱ አገኘኋቸው። ጣታቸውን በዳሩ ላይ አስሄዱ፤ ከግራው በኩል አንድ ጥርስ ተቀንጥሶ ነበር። እዚያ ላይ አቆሙት።

«መታጠፊያው ላይ ነው?»

«አዎ አባባ።»

«ማሻአላህ» አሉ ቀስ ብለው። ቀና አሉና ዛፉ ሥር ልጆቻቸውን የሚያዝሉትን ሴቶች አዩ። «እስክትጨርሰው ድረስ ንዳበት። ሲያልቅ ግን ለማንም እንዳትሰጥ፣ ለኔ ነው። ቀጭን ነው፣ ላዋቂ አይሆንም። ለነዚህ ልጆች እግር ሲያወጡ በረባሶ ይሆናቸዋል።»